ከሆስፒታሉ ወደ ቀበሌው፦ የአእምሮ ጤና ነርስነት በአዊ

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምናን ሸክም ለአሥርት ዓመታት የተሸከሙት በአብዛኛው ሐኪሞች ሳይሆኑ የሳይካትሪ ነርሶች፣ ማለትም በመደበኛው ነርስነት ላይ የአእምሮ ሕመምን መለየትና ማከም የተማሩ ባለሙያዎች ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር፣ ከጎጃም የሚነሳ ታማሚ ቤተሰቡ አስሮም ቢሆን አዲስ አበባ ድረስ ይዞት ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ በዚያው ሆስፒታል የነርሶች ሥልጠና ተጀምሮ፣ ተመራቂዎቹ በየክፍለ ሀገሩ ተመድበው የአእምሮ ክፍል ከፈቱ፤ ሐኪሞችን በዘርፉ ስፔሻሊስት የማድረግ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ከዚያ 16 ዓመት ዘግይቶ ነው። ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችም በኋላ በሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር ያዙ።

ይሁንና ይህ የትምህርት መሰላል የሚያወጣው ወደ ከተማ ነው። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የሚሠራ ነርስ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ መምህርነትና ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይሳባል፤ ታማሚው ግን ያለው ቀበሌው ውስጥ ነው። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠው፣ ፍሉፌናዚን የተባለው በዘይት የተዘጋጀ መርፌ በየወሩ ገደማ በመቀመጫ ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ ነርሷም የታማሚውን እጅ መንቀጥቀጥና የክንዱን መገተር ፈትሻ ቀጣዩን ቀጠሮ ትጽፋለች። በቀጠሮው ያልተገኘው ሰው ጸበል ገብቶ ይሁን፣ መሳፈሪያ አጥቶ ወይም ቤት ታስሮ፣ ቤቱ ድረስ የሚሄድ ከሌለ አይታወቅም፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም መንገዱን አክብዶታል። በአዊኛ አፏን የፈታች እናትም በቋንቋዋ ካልተጠየቀች የልጇን ሁኔታ በሙሉ ማስረዳት ይቸግራታል።

የተሻለ አሠራር እንደሚቻል በአገር ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የቡታጅራ አካባቢ ጥናት፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሕክምና የሳይካትሪ ነርሶች በሆስፒታል ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳየ። በዚያው ዓመት የታተመ የሶዶ ወረዳ ጥናት ደግሞ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ የአካባቢ ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚሰጡት ድጋፍ፣ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን የመምራት ችግራቸው እንዲቀንስ መርዳቱን አረጋገጠ። እነዚህን ባለሙያዎችና ሠራተኞች የሚያሠለጥን፣ የሚከታተልና የከበደ ታማሚ ሲገጥማቸው የሚደርስላቸው ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከሳይካትሪ ነርስ የቀረበ የለም።

የቀበሌ ክትትል ለነርስ የደረጃ ዕድገት ይቆጠር እንደሆነ የተጠየቁ አንድ የጤና ኃላፊ መልስ ሳይሰጡ ቀርተዋል። በዞኑ ጤና ጣቢያዎችን የሚያስተባብር የሳይካትሪ ነርስ መደብ፣ ከትራንስፖርትና ከደረጃ ዕድገት ጋር፣ ይፈቀድ።