ቴፒን የዋጠው ቅንፍ

ባለፈው የዕረፍት ወራት በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ያሉ ሽማግሌዎች ስለ ቡና የነገሩንን ሁሉ በኮምፒዩተር ጽፈን እንዳበቃን፥ የትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደተነገረ መቁጠር አስፈለገን። የቋንቋ ተማሪዎች ነንና ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያወቅነው ዘግይተን ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ቴፒ ከዝርዝሩ ጠፍታ በምትኳ «ቴ» የሚል ቃል ተቀምጦ አገኘን።

ይህን ያደረገው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባለው የፊደል ወጥመድ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቴፈን ክሊኒ ነው፤ ኬን ቶምሰንም በ1968 ለጽሑፍ ፍለጋ አዋለው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ለማሽኑ የምንነግረው አንድ የተወሰነ ቃል ሳይሆን የቃሉን መልክ ነው። በማዕዘን ቅንፍ የታጠሩ ፊደላት «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ነው። ስለዚህ [ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ ብለን ብንጽፍ ጸሐፊው በየትኛውም «ሀ» ቢጽፈው ኃይሉ አያመልጠንም። የስም መዝገብ የነካ ሁሉ ጥቅሙን ያውቀዋል፤ በአንዱ ዝርዝር በሐመሩ ሐ፥ በሌላው በብዙኃኑ ኀ የተጻፈ ሰው «ስምህ የለም» ተብሎ ይመለሳልና።

ሚዛን[ ፡]*(ተፈሪ|አማን) ብንልስ? ኮከቧ «ባይኖርም፥ ቢደጋገምም ግድ የለም» ትላለች፤ ቁም መስመሯ ደግሞ «ወይም» ናት። ስለዚህ ሚዛን ተፈሪም፥ ተጋጥሞ የተጻፈው ሚዛንተፈሪም፥ በሁለት ነጥብ የተለየው ሚዛን፡ተፈሪም፥ ሚዛን አማንም በአንድ ጊዜ ይያዛሉ።

ወደ ጥፋታችን እንመለስ። አማርኛ ቃል ሁሉ እንዲያዝ ብለን [ሀ-ፐ]+ ብለን ነበር፤ መደመሪያዋ «አንድ ወይም ከዚያ በላይ» ማለት ናት። ፊደል ከሀ እስከ ፐ ነው እየተባልን አድገን የለም? ኮምፒዩተሩ ግን ግእዙን ብቻ አይደለም የሚቆጥረው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በገባበት በዩኒኮድ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው፤ ፐ ላይ ስናጥር ፑ፥ ፒ፥ ፓ፥ ፔ፥ ፕ፥ ፖ ሁሉም ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። «ከቴፒ» «ከቴ» ሆነ፤ ፖሊሱም «ሊስ» ሆኖ መጣ። አጥሩን ወደ [ሀ-ፚ]+ ስናሰፋው ቴፒ ተመለሰች። በግእዝ ቁጥር ለተጻፈ ዓመት ደግሞ [፩-፼]+ ያስፈልጋል፤ የፓይተን የአኃዝ ምልክት እነዚህን አኃዝ አይላቸውም።

የከፋ አገር ነገር ግን በቅንፍ አልተፈታም። ከፋ ብለን ስንፈልግ ከፋይም፥ ከፋፈለም ተግተልትለው መጡ። እነዚህንስ የቃሉን ድንበር በመወሰን አስወጣናቸው። «ከፋን አውቀዋለሁ» ያሉትንና «ዋጋው ሲወድቅ ከፋን» ያሉትን ሽማግሌዎች ግን ማሽኑ አንድ አድርጎ ቆጠራቸው፤ መልኩ አንድ ነውና። ያን የለየነው ወረቀቱን ዘርግተን፥ እርሳስ ይዘን፥ አንድ በአንድ እያነበብን ነው።