አሮጌው ሬዲዮ ምን ያስተምራል?

አንድ ዕቃ ሲያረጅ ከጥቅሙ ይልቅ አቧራው ይታያል። ወጣቶች የሆንን እንደ ሆነ ደግሞ ፍርዳችን ፈጣን ነው፤ ከእኛ በፊት የተሠራው ነገር ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ይመስለናል። እኔም ስለ አጎቴ ሬዲዮ እንዲህ ያለ ፍርድ ፈርጄ ነበርና፣ እንዴት እንደ ተረታሁ ለአንባቢ ላጫውት።

ሬዲዮው የሚኖረው በምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ በጭሮ ነው፤ ብዙ ሽማግሎች ከተማይቱን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሬዲዮውን በ1971 ዓ.ም. ድሬዳዋ ወርደው ከመጀመሪያ ደመወዛቸው ገዙት። የቆዳ ልባስ አለው፤ አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል፤ በመስታወቱ ውስጥ ቀይ መርፌ ትሄዳለች። ቁጥር የሚያሳይ መስኮት የለውም። ጣቢያ የሚገኘው በጣትና በጆሮ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ወደ ጭሮ ተመለስኩ። ዓለሜ ሁሉ በእጅ ስልኬ ውስጥ ነበር። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን በአዲስ አበባ ከተገደለ በኋላ ግን በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም እንደ ተቋረጠ ቆየ። ስልኬ ሰዓት ማያ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ዓይኔን ወደ መደርደሪያው አነሣሁ።

ሬዲዮውን ብከፍተው ዝም አለ። ለካ ከዓመታት በፊት የገባው ድንጋይ ውስጡ ፈስሶ ብረቱን አዝጎታል። ወደ ሬዲዮ ሠሪ ወሰድኩት። ሠሪው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ በአልኮል ወለወለ፣ የተበጠሰውን ሽቦ በስታኞ በየደና፣ «ይህንን ማሽን ድንጋይ እንጂ ዕድሜ አልገደለውም» አለኝ። በዕለቱ ከተማርኩት አንደኛው ይህ ነው፤ የማይሠራበት ሬዲዮ ድንጋዩ ውስጡ አይተውም።

ማታ አጎቴ ሬዲዮውን ይዘው ወደ በረንዳ ወጡ። «ቤት ውስጥ ስንት የሚንጫጫ ነገር አለ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የስልክ ቻርጀርና የዛሬው ኤል ኢ ዲ አምፑል ለአጭር ሞገድ ጠላቶች ናቸው፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ሬዲዮ ይበልጥ የሚጠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥቂት ሜትር ሽቦ ከአንቴናው ጋር አያይዘው በአጥሩ ላይ ዘረጉና መርፌዋን እንደ ሰዓት ሠሪ በዝግታ ገፏት። ጩኸት፣ ፉጨት፣ የዐረብኛ ዘፈን፣ የማላውቀው ቋንቋ፣ እንደገና ጩኸት፤ በመጨረሻ «ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ተምሬ ሳለ ይህ ድምፅ ከምን መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጭሮ በተራሮች መካከል ጎድጎድ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ሲያጋጥመው ይቀራል። አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ይወጣና፣ የፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ በሞላው የላይኛው አየር ተመልሶ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ ምድር ይወርዳል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ አፕልተን እንዲህ ያለ የአየር ንጣፍ መኖሩን በአውሮጳ አቆጣጠር በ1924 በሙከራ አረጋግጦ በ1947 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከላይ የሚወርደውን ድምፅ የጭሮ ተራራ ብዙም አያግደውም።

ይህንን ያወቀ ሰው መርፌዋን በዘፈቀደ አይገፋም። ቀን ቀን የታችኛው ንጣፍ ረዘም ያሉትን ሞገዶች ስለሚውጣቸው በ19 እና በ25 ሜትር መፈለግ ይሻላል፤ ሲመሽ ያ ንጣፍ ስለሚጠፋ 31፣ 41 እና 49 ሜትር ይከፈታሉ። ሜትሩን ለማወቅ 300ን በሜጋ ኸርዝ ማካፈል ነው፤ 6 ሜጋ ኸርዝ 50 ሜትር ይሆናል።

እንግዲህ ሬዲዮው ዋጋውን ያሳየኝ ሌሊት መጣ። የጫት መኪና ከላይ ሲመጣ ወሬ አብሮ ይመጣል፤ ከገለምሶ፣ ከበዴሳ፣ ከሂርና፣ ከሚኤሶ የሚወራው ሁሉ ጭሮ ላይ ይገናኛል። አንድ ምሽት፣ ታላቅ እኅቴ የምትኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር ተቃጠለ የሚል ወሬ ከጎረቤት ደረሰን። ስልኳ ይጠራል፤ አታነሣም። እናቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ጫማዬን አጥልቄ፣ በዚያ ሁኔታ፣ በሌሊት መንገድ ልጀምር ተነሣሁ።

አጎቴ «ቁጭ በል አንተ ልጅ፤ መጀመሪያ እንስማ» አሉኝ። ከምሽቱ 1 ሰዓት አንድ ጣቢያ፣ 3 ሰዓት ላይ ሌላ ጣቢያ ሰማን። ከሁለቱም ስለ አገሩ ሁኔታ ብዙ ሰማን፤ ያ ሰፈር ተቃጠለ የሚል ግን አልነበረበትም። እኔ ቸኩዬ «ውሸት ነው ማለት ነው!» አልኩ። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልተነገረም ማለት አልሆነም ማለት አይደለም፤ ሆኗል ማለትም አይደለም። እስኪነጋ አንሄድም፤ ወሬውንም ለሌላ አንደግምም» አሉ። ሲነጋ እኅቴ ደወለች። ስልኳን ቤት ትታ ጎረቤት አድራ ነበር።

አጎቴ ይህንን ትዕግሥት ከየት አመጡት? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሐረርጌን በወረረ ጊዜ ጎረምሳ ነበሩ። በሰው ሬዲዮ ተሰብስበው የአዲስ አበባንም የሞቃዲሾንም ጣቢያ ይሰሙ እንደ ነበር፣ አንዱ ድል ያለውን ሌላው ሽንፈት ሲለው እንደ ሰሙ አጫውተውኛል። «ያልተገላበጠ ያርራል» ይላሉ። ለወሬም እንደዚያው ነው።

የአጭር ሞገድ ዘመን ወደ ማምሻው መድረሱን አልክድም። የብሥራተ ወንጌል ድምፅ በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፍቶ በ1969 ዓ.ም. በደርግ ተወረሰ። የጀርመን ድምፅ በ1957 ዓ.ም. በአማርኛ መናገር ጀመረ። የአሜሪካ ድምፅ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1982 የተጀመረው የአማርኛ ሥርጭት ደግሞ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከሌሎቹ ቋንቋዎች ጋር ድንገት ተቋረጠ። ጣቢያ ይመጣል፤ ጣቢያ ይሄዳል። ስለዚህ አሮጌ ሬዲዮ ያለው ሰው ሀብቱ አንድ ጣቢያ ሳይሆን ሰማዩን ሁሉ መፈለግ መቻሉ ነው።

ወጣቱ ተማሪና ወጣቱ ሹም ይህንን ቢያስብ መልካም ነው። ዛሬ ወሬ ሳንፈልገው ወደ እጃችን ይመጣል፤ ሳናነበው ለሌላ እናስተላልፈዋለን። በአሮጌው ሬዲዮ ግን ሰዓቱን ጠብቀን፣ ሞገዱን መርጠን፣ ከጩኸት መካከል ድምፁን ለይተን እንሰማለን። ይህ ልማድ በቢሮ ጠረጴዛ ላይም ያስፈልጋል፤ አንድ ባለጉዳይ ሰምቶ የሚፈርድ ሹም አንድ ጣቢያ ሰምቶ በሌሊት መንገድ እንደሚጀምር ሰው ነው። አባቶች «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ያሉት ሬዲዮ ሳይኖር ነበር።

ዛሬ የአጎቴ ጆሮ ከብዷል። ጭሮ በሄድኩ ቁጥር ማታ በበረንዳው ላይ መርፌዋን የምገፋው እኔ ነኝ፤ የሰማሁትን ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ። እርሳቸውም አዳምጠው ሲጨርሱ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሌላውስ ምን አለ?»