ልደት በፓስፖርት ላይ ሲጻፍ

ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ የጌታችንን የልደት ታሪክ በምዕራፍ 2 ሲተርክ አስቀድሞ የሚያወሳው እረኞቹን ወይም መላእክቱን ሳይሆን የሮማው ቄሣር አውግስጦስ ያወጣውን የሕዝብ ቆጠራ ትእዛዝ ነው። ዮሴፍ ከዳዊት ወገን ነበርና እመቤታችንን ይዞ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም የወጣው በአባቶቹ ከተማ ስሙን ለማስጻፍ ነበር። እንግዲህ የገናን በዓል በምናከብርበት በዚህ ሰሞን ስለ ስምና ስለ መዝገብ ማንሣታችን ከበዓሉ የራቀ ነገር ሆኖ እንደማይታይብን ተስፋ እናደርጋለን።

ጉዳዩ በብዙ ክርስቲያን ቤት የታወቀ ነው። ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናቶችና አባቶች ዓይናቸውን ከሞት በፊት ወደ ኢየሩሳሌም ማቅናታቸው የቆየ ምኞት ነው። ልጆች ያዋጣሉ፤ እናትም ከዕቁቧ ታስቀምጣለች። ገና ደርሶ ቤተ ዘመዱ በተሰበሰበበት፣ ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ፣ «ለዘንድሮ ፋሲካ ትሂድ» የሚል ቁርጥ ሐሳብ ላይ ይደረሳል። ያን ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ፣ ፓስፖርት አላት ወይ? ብሎ ይጠይቃል። የላትም። ስድሳ ዓመት አልፏት ከአገር ወጥታ አታውቅም።

በቀደመው ዘመን ተሳላሚው በሱዳንና በግብፅ በረሃ ወይም በቀይ ባሕር በኩል ይጓዝ ነበር፤ ማንነቱም በማዕተቡ፣ በቋንቋውና በክርስትና ስሙ ይታወቅ ነበር። መሄድ ላልቻለው ደግሞ ላሊበላ አለለት፤ ጎልጎታም፣ ደብረ ዘይትም፣ ዮርዳኖስም በዚያ በስማቸው ይገኛሉ። ዛሬ በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ወዳለው ወደ ዴር ሱልጣን ገዳማችን ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ የጥቂት ሰዓት በረራ ነው። ረጅሙ መንገድ ወደ ፎርሙ ተዛውሯል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ማመልከቻው የሚጀመረው በኢንተርኔት ሲሆን አመልካቹ በቀጠሮው ቀን በአካል ቀርቦ አሻራ ይሰጣል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ መገኘት ያስፈልጋል። በፎርሙ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ለንባብ ቀላል ናቸው። ከእነርሱ መካከል ግን ሁለቱ፣ ማለትም ስምና የልደት ቀን፣ የእኛ ልማድና የፓስፖርቱ ልማድ የማይገናኙባቸው ስለ ሆኑ ጥቂት እንቆይባቸው።

ከስም እንጀምር። ምእመን ሁለት ስም እንዳለው የታወቀ ነው። ካህኑ በጸሎት ወለተ ማርያም የሚላት እናት በመዝገብ ሌላ ናት፤ በሰፈር ደግሞ የቁልምጫ ስም አላት። ፓስፖርቱ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት መታወቂያ ሲወጣ የቁልምጫው ስም ገብቶ፣ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ደግሞ ዋናው ሰፍሮ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ ወረቀቶች ስለ አንዲት ሴት ሁለት ምስክርነት ይሰጣሉ። ይህን አስቀድሞ በወረዳ ማስተካከል ይበጃል፤ ፓስፖርቱ ከታተመ በኋላ ግን ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ሊያደርስ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የላቲኑ ፊደል ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በ«ቲ ኤስ»ም በ«ቲ»ም ሊጀመር ይችላል። የተጣመሩ ስሞች ይልቁንም ጥንቃቄ ይሻሉ። አያት ገብረ ሥላሴ ከሆኑና ስሙ ለሁለት ተከፍሎ ከተጻፈ፣ በውጭ አገር ያለው ጸሐፊ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዘውና እናታችንን ሥላሴ ብሎ ሊጠራት ይችላል፤ ስሙ የሥላሴ ባሪያ ማለት መሆኑን ከየት ያውቃል? በፎቶግራፉ ገጽ ግርጌ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የሚይዙ 2 መስመሮች አሉ፤ የድንበሩ መሣሪያ የሚያነበው እነርሱን ነው። የአውሮፕላን ቲኬቱም ከዚያው ጽሑፍ ጋር መስማማት አለበት። ስለዚህ ልጆቿ አስቀድመው ፓስፖርት አውጥተው ከሆነ የጋራ የሆኑት ስሞች በእነርሱ ላይ እንዴት እንደ ተጻፉ ማየት አስተዋይነት ነው።

የልደት ቀኑ ነገር ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ያ ክፍል ለረጅም ዘመን ሳይሠራበት ቆይቷል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው የአብዛኛው ሰው ልደት የተመዘገበው በእናትና በክርስትና እናት ልብ ውስጥ ነው።

«እማዬ፣ መቼ ነው የተወለድሽው?» ብሎ ልጅ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ እንዲህ ያለ ነው፦ «እናቴ ስትነግረኝ የታኅሣሥ ግርግር በሆነ በወሩ፣ ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ ነው።» ልጁ ይህን ሰምቶ ተስፋ ይቆርጥ ይሆናል፤ እኛ ግን መልሱ የተሟላ ነው እንላለን። የታኅሣሥ ግርግር 1953 ዓ.ም. ነው፤ ታቦት የሚመለሰው ጥር 11 ቀን ነው። የክርስትና እናቷ በሕይወት ካሉ ደግሞ ይጠየቁ። «በፋሲካ ዕለት ነው ያነሣኋት» ካሉ ነገሩ በሁለት ምስክር ጸና፤ የ1953 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነውና። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ስለ ሆነ ከሚያዝያ 1 ቀን 80 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ጥር 11 ቀን ይመጣል። ክርስትና በተነሣችበት ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ካለም እርሱን ማስፈለግ ነው።

ቀኑ ከታወቀ በኋላም መንገዱ አላለቀም፤ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መለወጥ አለበት። እዚህ ላይ የሚደርሰው ስሕተት ብዙ ነው። ጥር አምስተኛ ወር ናት ብሎ ሜይ 11 የሚጽፍ አለ። ዓመቱን ብቻ በ7 ወይም በ8 ጨምሮ ቀኑን እንዳለ የሚተውም አለ። ልዩነቱ ከመስከረም 1 ቀን አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ 8 ዓመት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ስለዚህ ጥር 11 ቀን 1953 ዓ.ም. ጃንዋሪ 19 ቀን 1961 ይሆናል። ይህችው እናት በዓመት ቀድማ በ1952 ዓ.ም. ጥምቀት ተወልዳ ቢሆን ኖሮ ግን ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ነበርና፣ ከእርሱ በፊት ያለው የዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን በመሆኗ ልደቷ ጃንዋሪ 20 ቀን 1960 ላይ በዋለ ነበር። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ካህን ወይም መምህር በአጥቢያው ካለ ማማከር ነው።

በአሜሪካ በስደተኝነት ከገቡ ወገኖቻችን መካከል ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈላቸው አሉ። ቀኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ባለመኖሩ የተሰጠ ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ገደማ ይውላል። ስሟን የማታውቀው ቀን ልደቷ ሆና ዕድሜ ልክ አብራ ትኖራለች።

ስለ አሻራም አንድ ነገር እናንሣ። ጥጥ ስትፈትል፣ ስታሽ፣ ስትጋግር ዕድሜዋን የፈጸመች እናት የጣቷ መስመር ሊደበዝዝ ስለሚችል መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ ቶሎ አያነበውም። ጣቷ ተጠርጎ ደጋግማ እንድትሞክር ሲነገራት ደንግጣ «ምን አጠፋሁ?» እንዳትል አብሯት የሚሄድ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቢኖር መልካም ነው።

ፓስፖርት ብቻውን በር አይከፍትም፤ ቪዛ አለ፤ ብዙ አገሮችም ፓስፖርቱ ቢያንስ የ6 ወር ዘመን እንዲቀረው ይጠይቃሉ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ የተነሣው ጦርነት የተሳላሚውን ጉዞ ማወኩም አይዘነጋም፤ እንግዲህ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ደኅንነት ማጣራት ያስፈልጋል። ይሁንና ጉዞው ለሌላ ዓመት ቢተላለፍ እንኳ የተስተካከለ መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት በሳጥን ተቀምጦ ይጠብቃል።

ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን አይቀድምም፤ ከሚያዝያ 30 ቀንም አይዘገይም። ከታኅሣሥ 29 ቀን ገና አንሥቶ ቢያጥር 87 ቀን መሆኑ ነው። ቤተ ዘመዱ ሳይበተን፣ የክርስትና እናትም ለእንኳን አደረሳችሁ እንደ መጡ፣ ቀኑን ጠይቆ በወረቀት ማስፈር ይቻላል። ለመላው አንባብያን መልካም የልደት በዓል።