ውፍረት ሁሉ የደም ግፊትን ያስከትላልን?

ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ከፍተኛ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አብረው የሚታዩ የጤና ችግሮች ናቸው። በተለምዶ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ሰውነት ሲገዝፍ ልብ ደምን ለማዳረስ ስለሚደክም ግፊቱ ይጨምራል የሚል ነው። ማብራሪያው የተሟላ ቢሆን ኖሮ እጅግ ወፍራም የሆነ ሰው ሁሉ የደም ግፊት ሕመምተኛ በሆነ ነበር። እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ከወላጆቻችን የምንወርሳቸው ጂኖች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ ሜይን ግዛት የሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በአንድ ጂን ለውጥ ምክንያት ያለ ልክ የሚወፍሩ አይጦችን ማግኘታቸውን አስታወቁ። በ1994 ደግሞ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው ይህን ጂን ለይተው አወቁ። ጂኑ ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን የሚሠራበትን መመሪያ የያዘ ነው። ሌፕቲን ከስብ ሕዋሳት ይመነጭና በደም ተጉዞ ሃይፖታላመስ ወደተባለው የአንጎል ክፍል ይደርሳል። በዚያም የስቡ ክምችት በቂ መሆኑን ስለሚያስታውቅ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ከዚሁ ጎን ለጎን አንጎል ሲምፓቴቲክ የተባሉትን ነርቮች ያነቃቃል። ነርቮቹ የደም ሥሮችን ያጠባሉ፤ ኩላሊትም ጨውና ውኃ እንዲያስቀር ያደርጋሉ። በዚህ ጊዜ የደም ግፊት ከፍ ይላል።

እንግዲህ ግፊቱን የሚያስከትለው ይህ መልእክት ከሆነ፣ መልእክቱ ሲቋረጥ ምን ይሆናል? በ1999 ይፋ በሆነ ጥናት ሌፕቲን የሌላቸው ወፍራም አይጦች የደም ግፊታቸው ከቀጫጭኖቹ እንኳ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ተመሳሳይ ማስረጃ ከሰዎችም ተገኝቷል። የሌፕቲን መልእክት በአንጎል ውስጥ ከሚያልፍባቸው ተቀባይ ፕሮቲኖች አንዱ ኤም.ሲ.4.አር. ይባላል። የዚህ ፕሮቲን ጂን የተበላሸባቸው ሰዎች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይወፍራሉ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዋ ሰዳፍ ፋሩቂና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ከፍተኛ የደም ግፊት የነበረባቸው 24 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጂኑ ባልተበላሸባቸው ሌሎች ወፍራም ሰዎች ዘንድ ግን ቁጥሩ 53 በመቶ ነበር። በዚሁ ጥናት ተቀባዩን የሚያነቃቃ መድኃኒት የተሰጣቸው ፈቃደኞች የደም ግፊታቸው ጨምሯል።

ሆኖም ከዚህ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ እንዳንደርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። 24 በመቶ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም፤ ስብ ኩላሊትን በመጫንና ሌሎች ሆርሞኖችን በማዛባትም ግፊትን ይጨምራል። በተጨማሪም እንዲህ ያለው የአንድ ጂን ብልሽት እምብዛም አያጋጥምም። በአብዛኞቻችን ዘንድ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ በርካታ ጂኖች ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር ተዳምረው ይሠራሉ። ስለዚህ ክብደትን መቀነስ ለብዙዎች ግፊትን ይቀንሳል። ከፍተኛ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ፣ ወፍራምም ሆነ ቀጭን ሰው በመልኩ ሳይተማመን ግፊቱን መለካት ይኖርበታል።

ለተማሪዎች የሚተርፍ ሥራም አለ። ከፍተኛ የጂን ልዩነት የሚገኘው በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ሆኖ ሳለ፣ ታላላቆቹ የጂን ጥናቶች በብዛት የተካሄዱት በአውሮፓውያን ዝርያዎች ላይ ነው። ውፍረትን ከደም ግፊት የሚያገናኙት ጂኖች በእኛ ሕዝብ ዘንድ የትኞቹ እንደሆኑ መመርመር የመጪው ትውልድ ሳይንቲስቶች ድርሻ ነው።