ስለ ኪቦርድ አቀማመጥና ስለ እጅ አንጓ

በደብረ ታቦር ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒዩተር እየጻፉ የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙ ወጣቶች አሉ። ለእነርሱ የእጅ አንጓ ሕመም ቀላል ነገር አይደለም፤ እጅ በታመመ ቀን ገቢ የለምና። ስለዚህ የኪቦርድ አቀማመጥ አንጓን እንዴት እንደሚጎዳና እንደሚጠቅም በጥቂቱ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ጣቶቻችንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች አብዛኞቹ የሚገኙት በክንድ ላይ ነው፤ ጅማቶቻቸው ግን በአንጓ በኩል ያልፋሉ። በመዳፍ በኩል 9 ጅማቶችና አንድ ዋና ነርቭ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ተጨናንቀው ይሄዳሉ። እጅ ወደ ላይ ሲቀለበስ በዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ነርቩ ሲጫን አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሀል ጣት፣ ከቀለበት ጣትም ግማሹ ይደነዝዛሉ። ትንሿ ጣት በሌላ ነርቭ ስለምትሠራ ከዚህ ነጻ ናት።

በኪቦርድ ጀርባ ሁለት የሚታጠፉ እግሮች አሉ። ብዙ ሰው ጽሕፈት የሚቀናው ዘንበል ባለ ነገር ላይ ነው ብሎ ያቆማቸዋል። ለቁም ጸሐፊ ይህ እውነት ነው፤ ብራናውን በጉልበቱ ላይ ዘንበል አድርጎ፣ እጁንም በላዩ አሳርፎ ይጽፋልና። ኪቦርድ የሚመታ እጅ ግን በአየር ላይ ነው፤ የገበታው ጀርባ ከፍ ባለ መጠን አንጓው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ስለዚህ እግሮቹን ማጠፍ ይሻላል። ጠረጴዛው ከክርን ከፍ ካለ ደግሞ ጋቢ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ ማንጠፍ፣ እግር ከመሬት ከራቀም ከሥሩ ጡብ ማድረግ ነው። ገንዘብ አያስወጣም።

አማርኛ ጸሐፊ ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋራ ለማስማማት ሲደክሙ ያስቸገራቸው ብዛቱ ነበር፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዛሬም በላቲን ድምፅ በሚጻፍበት ስልት «ሰላም» የተባለው 3 ፊደል 5 ጊዜ መምታት ይጠይቃል። በጽሕፈት መኪና የሚሠራ ሰው ግን በየመሥመሩ መጨረሻ እጁን አንሥቶ ሰረገላውን ይመልስ፣ ወረቀትም ይለውጥ ስለ ነበር ሳያስበው ያርፍ ነበር። ኮምፒዩተር ይህን ዕረፍት ወስዶብናል፤ እኛው ራሳችን እያቋረጥን ልናርፍ ይገባናል።

የከተማችን ብርድም አለ፤ ጧት ጣት እንደ ደረቀ ከመጀመር እጅን አሙቆ መቀመጥ ይበጃል። መደንዘዙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን በወጌሻ ማሳሸት አይበቃም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ብዙ ከቆየ በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ እየሟሸሸ እስክሪብቶ መያዝ እንኳ ሊያስቸግር ይችላል።