አሮጌ የዋንዛ ዕቃን አድሶ ስለ መሸጥ

በአዊ አገር በቆዩ ቤቶች የሚገኘው ሣጥን፣ የጠፍር አልጋና በርጩማ ብዙውን ጊዜ ከዋንዛ የተሠራ ነው። ዋንዛ ለመላጊያ የማያስቸግር፣ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው እንጨት ስለ ሆነ አባቶቻችን ለከበሮም ለሣጥንም መርጠውታል። ዛሬ ግን ሰፊ የዋንዛ ሳንቃ እንደ ልብ አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ በፋግታ ለኮማ ገበሬው በብዛት የተከለው ደከረንስም በአምስት ዓመት ገደማ ተቆርጦ ወደ ከሰል የሚሄድ ነው እንጂ ለቤት ዕቃ የሚሆን ሳንቃ አይሰጥም። ስለዚህ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ባለሱቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገዛው እንጨቱን መሆኑን ልብ ይበል።

ይህን ሳያመዛዝኑ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍነው፣ ላዩን በዘይት ቀለም ሸፍነው ለገበያ የሚያቀርቡ አሉ። በእኛ አስተያየት ቀለም ለባሕር ዛፍና ለችፑድ የተገባ ነው፤ ዋንዛን በቀለም መቅበር ግን ጥሩ ጥበብ ለብሶ ማቅ እንደ መደረብ ነው። ገዢው የዋንዛ ዋጋ እንዲከፍል ዋንዛውን ማየት አለበት።

ሥራው የሚጀመረው ከመገጣጠሚያው ነው። የላላውን እግር በሚስማር መምታት እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፤ እግሩን ነቅሎ፣ አሮጌውን ኮላ ፍቆ፣ በአዲስ ኮላ አጣብቆና አጥብቆ አስሮ ማሳደር ይሻላል። ትል የበሳው ዕቃ ቢኖር እስኪታከም ድረስ ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥ።

እንደ እንጅባራ ባለ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ወቅትን መጠበቅ ግድ ነው። በክረምት አብጦ አልከፈት ያለውን መሳቢያ ወዲያው የሚልግ አናጢ፣ በጋ ሲመጣ መሳቢያው ሰፍቶ ሲንገዳገድ ያየዋል። ቫርኒሽም በእርጥብ አየር ሲቀባ ቶሎ አይደርቅም፤ አንዳንዱም እንደ ጉም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከእንጅባራ ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ዕቃ ሞቃት አየር ስለሚያገኘው ይኮማተራል፤ እንግዲህ በሚገባ ያልደረቀውን አለመጫን ነው።

ቀድሞ የተቀባ ዕቃ ሲገዛ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን ግን የሚያረጋግጥልን የለም። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ብናኙን ለሠራተኛውና በአጠገቡ ለሚጫወት ሕፃን ማብላት ነው። እያረጠቡ ይፋቅ፣ ፍቅፋቂውም ተጠራቅሞ ይወገድ፤ ሕፃናትም ከሥራው ስፍራ ይራቁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያገለገለን ወይም የታደሰን ዕቃ ይህንኑ ሳይገልጹ መሸጥን ከማሳሳት ቆጥሮታል። ይህ ለሻጩ ሸክም የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ደረሰኝ ላይ «የታደሰ ሣጥን፤ አካሉ ዋንዛ፤ ጀርባው አዲስ ኮምፔንሳቶ፤ አንድ እግሩ የተተካ» ብሎ መጻፍ ሁለት መስመር አይፈጅም፤ ገዢው ዋጋ ሲከራከርም ሻጩ የሚያሳየው ጽሑፍ በእጁ ይሆናል።