ያውቁ ኖሯል? ቤታቸውን ከመሬት በታች የሠሩ የከተማ ሰዎች
ኩበር ፒዲ በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ፣ ከአደሌድ 850 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን የምትገኝ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። በእኛ ደላንታ የሚወጣው የከበረ ድንጋይ፣ ኦፓል፣ በ1915 እ.ኤ.አ. ተገኘባት። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ብዙ ነዋሪዎቿ ኮረብታውን ፈልፍለው ይኖራሉ። የሳሎኑ ግድግዳ ራሱ ቀላ ያለው ዐለት ነው፤ የመቆፈሪያው ማሽን ጥርስ የተወው ክብ ክብ ጭረት እንዳለ ይታይበታል። ውስጡ ዓመቱን ሙሉ 24 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኔን ይበልጥ የደነቀኝ ግን የሰርቢያ ኦርቶዶክሶች በነቢዩ ኤልያስ ስም ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ከመሬት በታች መፈልፈላቸው ነው። የጎልፍ ሜዳዋ ደግሞ ሣር የለውም፤ ተጫዋቾቹ ቁራጭ ምንጣፍ ይዘው ይዞራሉ፤ ኳሷን እሱ ላይ አስቀምጠው ይመታሉ።